ስትበላ የእኔ፣ ስትሄድ የመንግሥት

በቅሎ ኖሮት የማያውቅ ሰው ይህን ወግ በትዕግሥት ይስማኝ፤ በቅሎ የነበረው ደግሞ ገና ሳልጀምር ሊያዝንልኝ ይችላል።

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ሶዶ ላይ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ችሎት ስል ትልቅ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ የሣር ክዳን ቤት፣ ከደጁ አንድ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ላይ ዳኛው ቀኛዝማች መንበሩ፣ ከቀኛዝማች እግር አጠገብ ደግሞ መሬት ላይ እኔ። ጉልበቴ ላይ ጣውላ፣ ጆሮዬ ላይ ብርዕ። የጽሕፈት ቤቱ ንብረት መዝገብ የሚቀመጥበት አንድ ከባድ የእንጨት ሣጥንና አንድ ባሻ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነበር። ከሁለቱ ሣጥኑ በቀላሉ ይንቀሳቀስ ነበር።

በቅሎ እንድገዛ ያስገደደኝ ጭቃው ነው። የሶዶን ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ እግር ከገባ በኋላ ጫማውን ለማስቀረት ይከራከራል። አንድ የክረምት ጠዋት ከቤቴ እስከ ዋርካው ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለቱን ማንም አላየኝም። ሦስተኛውን የወደቅሁት ግን በባለጉዳዮች ፊት ነበርና ከሳሽና ተከሳሽ ጠባቸውን ትተው፣ አንዱ በብብቴ አንዱ በእግሬ ይዘው አነሡኝ። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ታርቀው ሄዱ። ቀኛዝማች ግን ጉዳዩ ያለ ፍርድ በመቋጨቱ ቅር አላቸው።

ማታ ባለቤቴ አሰገደች ነጠላዬን ስታጥብ ሦስት ውሃ ቀየረች። ደስ ሲላት «አንተ»፣ ስትቆጣ «አንቱ» ትለኛለች።

«አንቱ» አለችኝ፣ «ወይ በቅሎ ይግዙ፣ ወይ ጥቁር ልብስ ይልበሱ።»

ወደ በዴሳ ገበያ ወርጄ ከአንድ የስልጤ ነጋዴ በቅሎ ገዛሁ። ሸምሱ ይባላል፤ አሞሌ ጨው እየጫነ በየመንደሩ የሚዞር ሐቀኛ ሰው ነበር። ጥርሷን አሳየኝ፣ ኮቴዋን አሳየኝ፣ ከዚያም አንገቷን እየደባበሰ፦

«ጠባይዋ ማር ነው» አለኝ። «አንዲት ነገር ብቻ አለቻት፤ ሰላምታ ትወዳለች።»

እኔ ሞኙ ምርቃት መስሎኝ «እሰይ፣ ጨዋ ናት ማለት ነው!» ብዬ ልጓሟን ተቀበልኩ። ዳማ አልኳት፤ መልኳም ዳማ ነበር።

የሸምሱ ነገር የገባኝ የመጀመሪያው አጥር ላይ ስንደርስ ነው። ዳማ ቆመች። ብጎትት፣ ብገፋ፣ ብለማመጥ ንቅንቅ የለም። ኋላ ከቤቱ አንዲት ሴት ወጥታ «ሳሮ?» አለችኝ፤ በወላይትኛ ደኅና ነህ ወይ ማለቷ ነው። እኔም «ሳሮ» ስላት ዳማ እንደ ተፈታች ሁሉ መንገዷን ቀጠለች። ለካ ስንት ዓመት ጨው ለመሸጥ በየደጁ ስትቆም ኖራ፣ ከቤቱ ሰው ወጥቶ ቃል እስኪለዋወጥ መሄድ ነውር ነው ብላ አምናለች። ከበዴሳ እስከ ሶዶ ግማሽ ቀን የማይፈጀው መንገድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሶዶ ስገባ የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ ዘመዴ ሆኖ፣ ሁለት ቤት ክርስትና ተጠርቼ ነበር።

ቢሆንም ደስ ብሎኛል። በማግስቱ በነጭ ነጠላ፣ ቀጥ ብዬ፣ በራሴ በቅሎ ዋርካው ዘንድ ደረስኩ። ቀኛዝማች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለእኔ ብድግ ብለው አያውቁም።

«እሰይ!» አሉ። «ጽሕፈት ቤታችን በቅሎ አገኘ!»

ልብ በሉልኝ፤ «ታችን» አሉ። እኔ ደግሞ በደስታ ሰክሬ «አዎን ጌታዬ!» አልኩ። ያቺን «አዎን» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ቀኛዝማች በቅሎ አጥተው እንዳይመስላችሁ። እንደ ሐር የምትለሰልስ ሰጋር በቅሎ ነበረቻቸው። ነገር ግን ትደክምብኛለች ብለው ለትልልቅ በዓል ብቻ ያወጧታል። ሥራውን የእኔዋ ትሥራው ሆነ። ቀድሞ ደብዳቤ የሚያደርስ መልእክተኛ ነበር፤ በቅሎ ስላለኝ መልእክተኛው ቀረና እኔ ተተካሁ። ጠዋት እጽፋለሁ፣ ከሰዓት የጻፍኩትን አደርሳለሁ። ባሻ ወልዴ እግራቸውን አመማቸው፤ ባሻ በዳማ ተቀመጡ። የቀኛዝማች ቤት ጤፍ አስፈጨ፤ ጤፉ በዳማ ተጫነ። ወደ ሃላሌ ለችሎት ስንወጣ ደግሞ ሣጥኑ በዳማ ተጭኖ፣ እኔ ከገዛ በቅሎዬ ኋላ ጭራዋን እያየሁ በእግሬ ወጣሁ። ያንን ሁሉ ዳገት ከፊቴ ያለውን ነገር እየተመለከትኩ፣ በቅሎ የገዛሁት ለምን እንደነበር ለማስታወስ እሞክር ነበር።

ከሃላሌ ስንመለስ የዳማ ጀርባ ተገጥቧል። ሣጥኑ ሥጋዋን ልጦት ነበር። አሰገደች ቁስሉን በሞቀ ውሃ እያጠበች አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋ ከ«አንቱ» ይከፋል። በማግስቱ ወኔዬን ሰብስቤ ቀኛዝማች ፊት ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ስለ ዳማ ነበር። የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ስለምትሠራ ትንሽ ገብስ ቢታዘዝላት ብዬ…»

«ገብስ?» አሉ፣ ግንባራቸውን ቋጥረው። «በቅሎዋ የማን ናት?»

«የእኔ ናት ጌታዬ።»

«ታዲያ የሰው በቅሎ መንግሥት ይቀልባል?»

«አይቀልብም ጌታዬ። እንግዲያው ጀርባዋ እስኪድን እቤት ትዋል።»

«ሥራው የማን ነው?»

«የመንግሥት ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ለመንግሥት ሥራ በቅሎ ይከለከላል?»

«አይከለከልም ጌታዬ።»

ሁለቱም መልስ ትክክል ነበር፤ ሁለቱም የእኔው መልስ ነበር። እየሰገድኩ ወጣሁ። ደጅ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ፦ ዳማ ስትበላ የእኔ ናት፣ ስትሄድ የመንግሥት። ሲቀጥሩኝ ብርዕና ጣት ይዤ እገባለሁ እንጂ በቅሎ ጨምሬ እገባለሁ አላልኩም ነበር። ግን ይህን ያልኩት ለዋርካው ነው።

አንድ እሑድ ቀኛዝማች በዳማ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ በእግሬ ከኋላ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ዳማ የጠጅ ሻጯ ደጅ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀኛዝማች በእርካብ ቢኮረኩሯት፣ ቢቆጡ፣ እሷ ሰላምታዋን ትጠብቃለች። ሻጯ ሴትዮ ብቅ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፦

«ውይ፣ ቀኛዝማች! ዛሬ ደግሞ በጠዋት?» አለች።

ሁሉን ያበላሸችው «ደግሞ» የምትለው ቃል ናት። የቀኛዝማች ባለቤት ከኋላ ይመጡ ነበርና ሰምተዋል። ቀኛዝማች ወደ እኔ ዘወር ብለው «ይህች በቅሎህ!» ብለው ጮኹ። ያን ቀን ሌላም ነገር ተማርኩ፤ ለካ ስታዋርድም የእኔ ናት።

ዋናው መከራ የመጣው በበልጉ ነው። ቀኛዝማች ለዲምቱ ጭቃ ሹም ደብዳቤ አስጻፉኝ። ሣጥኑን ይዤ ወርጄ የመሬት ጉዳይ አስፈርሜ እንድመለስ ነው። እየተንጎራደዱ ቃል ይሰጡኛል፦

«ጸሐፊያችንን በጽሕፈት ቤታችን በቅሎ ሣጥን አስጭነን ልከናልና ተቀበል…»

«በጽሕፈት ቤታችን በቅሎ» የሚለው ላይ ብርዔ ቆመ።

«ምነው፣ ቀለም አለቀ?» አሉ።

«አላለቀም ጌታዬ» አልኩና ጻፍኩት። በሚያምር እጅ ጻፍኩት። «በቅሎ» የሚለውን እንዲያውም በጣም አሳመርኩት። ከዚያም ማኅተሙን በገዛ እጄ አተምኩበት። በራሱ ላይ እንዲህ በጥሩ ጽሕፈት የመሰከረ ሰው አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ።

ዲምቱ ቆላ ነው። በእግሬ ወርጄ፣ ደብዳቤውን አስረክቤ፣ አስፈርሜ ስመለስ ፀሐዩ አናቴን በስቶታል፤ ሆዴም ጮኋል። ዳማ እንደ ልማዷ አንድ አጥር ላይ ቆመች። ሶርሳ የሚባል ገበሬ ከቤቱ ወጣ፤ ረዘም ያለ፣ ሲናገር አንድ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ዳማ ልትሄድ ስትል ግን በዚህ ጊዜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከቤቱ የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ ጎደሬ የምንለው፣ ሽታ ይመጣ ነበር።

«ጎዳ፣ ግባ፣ ቅመስ» አለኝ። ጎዳ ማለት ጌታ ማለት ነው። ጌታ ተብዬ እንዴት ልለፍ?

ገባሁ። ትኩስ ቦይና በዳጣ ቀረበልኝ። ዳጣው በርበሬ ይሁን እሳት ያን ጊዜ አልለየሁም፤ እንባዬ እየወረደ «እጅግ ጥሩ ነው» እያልኩ እጎርሳለሁ። ሶርሳ ያጎርሰኛል፣ ሚስቱ ትጨምራለች። በጥድፊያዬ ዳማን ያሰርኩት በአንዲት ቀጭን እንጨት ነበር። ጠግቤ ስወጣ እንጨቷ አለች፣ ዳማ የለችም። ከጓሮ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ይመጣል። ሣጥኑን እንደ ተሸከመች የሶርሳ የበቆሎ ቡቃያ መካከል ቆማለች። ከአጥር እስከ አጥር ያለውን ከግማሽ በላይ አጭዳዋለች።

ሶርሳ አልጮኸም። ቡቃያውን አየ፣ ዳማን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ ቤት ውስጥ በላህ» አለኝ በቀስታ፣ «እሱ ደጅ በላ። አሁን እኔ ምን እበላለሁ?»

ሮጬ ዳማን ከቡቃያው ጎትቼ አወጣኋት። ይቅርታ ልል አፌን ብከፍት ዳጣው ምላሴን አስሮት ነበር።

በሳምንቱ ሶርሳ ጭቃ ሹሙን ይዞ ሶዶ ዋርካው ሥር ቀረበ። አቤቱታውን የሚጽፈው ማን ነው? እኔ። ተከሳሹስ? እኔ። «ተከሳሹ ሲጠየቅ ዝም አለ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ዝም ብዬ ነው። ዳማ ከፊት ለፊታችን ካለች ግንድ ላይ ታስራ ጆሮዋን ታወዛውዛለች። አሰገደች ደግሞ ከባለጉዳዮቹ ኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«በቅሎዋ የማን ናት?» አሉ ቀኛዝማች፤ መልስም ሳይጠብቁ «የጸሐፊው ናት!» ብለው ራሳቸው መለሱ። ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ መሆኗን በአደባባይ መሰከሩ። ደስ ሊለኝ ሲል ጭቃ ሹሙ ከእቅፉ ወረቀት አወጣ።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤው ግን ሌላ ይላል።»

ቀኛዝማች ማኅተሙን አዩ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዘረጉት። «አንብብ» አሉ፤ ሌላ አንባቢ አልነበረማ።

ወረቀቱን ያዝኩ። ያ ውብ ጽሕፈቴ ቁልቁል አየኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ዳማ የጽሕፈት ቤቱ ናት ካልኩ የሶርሳን ቡቃያ ጽሕፈት ቤቱ ይክሳል፣ እኔም ነጻ እወጣለሁ፤ ግን ዳማን ዳግመኛ አላያትም። የእኔ ናት ካልኩ ደግሞ ዕዳው ሁሉ በአንገቴ ነው፤ በማኅተም የጸናውን ቃልም በአደባባይ ማፍረሴ ነው። ቀኛዝማች ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፦

«የጽሕፈት ቤቱ ናት በል፤ ቡቃያውን እኔ አስተካክላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኔው ግቢ ታድራለች» አሉኝ።

ቀና ስል ዳማን አየኋት። ገጣባዋ ላይ አሰገደች የቀባችው ቅቤ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ፣ ቃል ሳልዘል አነበብኩ። ከዚያም ወረቀቱን ለጭቃ ሹሙ መልሼ፦

«ንጉሥ ይሙት! የተጻፈው በእኔ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን ስህተት ነው» አልኩ። «በቅሎዋ የእኔ ናት። ከበዴሳ ገበያ የገዛኋት እኔ ነኝ፣ የምቀልባት እኔ ነኝ፣ ቁስሏን የምታጥብ ሚስቴ ናት። ያጠፋችውንም እኔ እክሳለሁ።»

ቀኛዝማች እንደ በርበሬ ቀሉ።

«መልካም! እንግዲያስ ስድስት ቀን ዲምቱ ወርደህ የሰውየውን መሬት ቆፍረህ ዘር ትዘራለህ!»

ይሄኔ ሶርሳ እጁን አነሣ። አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ጎዳ፣ ልጠይቅ። ይሄ ጸሐፊ እኔን ሊጠይቅ ነው ዲምቱ የመጣው?»

«አይደለም፤ እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ ቀኛዝማች።

«ሣጥኑስ የሱ ነው?»

«የመንግሥት ነው።»

«እሺ። አፍ የበቅሎ ነው፤ በቅሎ የጸሐፊ ነው። መንገዱ ግን የሱ አይደለም። ካልተላከ አይመጣም፤ ካልመጣ አይበላም። ስለዚህ ለአፉ ሦስት ቀን እሱ ይቆፍር። ለመንገዱ ሦስት ቀን ጽሕፈት ቤት ይቆፍር።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ «እውነት ነው!» አሉ። ቀኛዝማች ዙሪያውን አዩ። ጽሕፈት ቤቱ ማለት እሳቸው፣ ሣጥኑና ባሻ ወልዴ ብቻ መሆናቸው ያን ጊዜ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ሣጥን አይቆፍርም። ባሻ ወልዴ በግንዱ ኋላ ለመደበቅ ሲሞክሩ ጠመንጃቸው አሳበቀባቸው።

«ጻፍ!» አሉኝ ቀኛዝማች በቁጣ። «በቅሎዋ የጸሐፊው የግሉ ናት፤ መንገዱ የጽሕፈት ቤቱ ነው።»

ያችን መስመር እንደ ወንጌል ጻፍኳት። ማኅተሙንም እንደዚያን ቀን አጥብቄ ተጭኜው አላውቅም።

እኔና ባሻ ወልዴ ዲምቱ ወረድን። ወቅቱ ለበቆሎ አልፎ ነበርና ሶርሳ ቦሎቄ እንድንዘራ ወሰነ፤ ሁለት ጣት ያለው መቆፈሪያም ሰጠን። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከብርዕ የከበደ ነገር አንሥቼ የማላውቅ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን መሬቱን ከመታሁት ይልቅ ራሴን የመታሁት ይበልጣል። ባሻ ወልዴ በመጀመሪያ ጥላ ሥር ቆመው ያዝዙኝ ነበር። የሶርሳ ሚስት «ባሻ፣ በጦርነት ጊዜም ቆሞ ማየት ነበር እንዴ?» ብትላቸው ካባቸውን አውልቀው ጣሉና እንደ ጎበዝ ቆፈሩ። በሦስተኛው ቀን እጃችን ሁሉ ውሃ ቋጥሮ፣ ሁለታችንም ማንኪያ መያዝ አቅቶን የሶርሳ ሚስት ታጎርሰን ነበር። ስንሰናበት ሶርሳ እጄን ገልብጦ አየና «አሁን ሰው ሆንክ» ብሎ ሳቀብኝ።

ከተመለስን በሁለተኛው ቀን ቀኛዝማች ደጃችን ድረስ መጡ። ነገ ችሎት ሃላሌ ነው። በራሳቸው ሰጋር በቅሎ ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

«እእ… ጸሐፊ። ለሣጥኑ ነበር። በቅሎህን… እባክህ… ታውሰን እንደሆነ?»

እባክህ! ይህን ቃል ከቀኛዝማች አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እንኳን ዳማን ቤቱንም ጭምር ልሰጣቸው አፌን ስከፍት፣ አሰገደች ከበሩ ኋላ ብቅ ብላ እስከ ጉልበቷ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ በደስታ ነበር። ግን ጀርባዋ እስኪድን ዕረፍት ላይ ናት። ሲሻላት ደግሞ ገብሷ ከጽሕፈት ቤቱ እየመጣ፣ ከሣጥኑ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ግላስም ተሰፍቶ፣ ትሄዳለች።»

ቀኛዝማች እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

በማግስቱ ለሃላሌ ተነሣን። ሣጥኑን ማን ይሸከም? ባሻ ወልዴ ሁለት መዳፋቸውን ገልጠው አሳዩ። እኔም የእኔን ገልጬ አሳየሁ። ሌላ መላ ሲጠፋ ሣጥኑ የቀኛዝማች ኮርቻ ላይ ከፊታቸው ተደረገ። እሳቸውም እንዳይወድቅ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አቀፉት። እንዲህ ሆነን ሶዶን አቋረጥን። ሰው በየመንገዱ እጅ ሲነሣቸው፣ እጅ ስለሌላቸው በአገጫቸው ብቻ ይመልሱ ነበር።

ከከተማው ወጣ እንዳልን፣ ከሣጥኑ በላይ ዓይናቸው ብቻ እየታየ፦

«ጸሐፊ» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ገብሱን ስንት ቁና ይሁን ትላለህ?»

«አሰገደችን ጠይቄ ልንገርዎ፣ ጌታዬ» አልኳቸው።